ምዕራፍ 6፦ ጋይንት በጠረጴዛ ላይ

ጉና ተራራን ለ87 እናካፍለው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ በፎገራ ሜዳ ዳር የተቀመጠችው ወረታ ደግሞ 1,830 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ ወደ 2,270 ሜትር ይጠጋል። ይህ ለ87 ሲካፈል 26 ሜትር ይሆናል፤ የስምንት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማለት ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር የሚወስደው 42 ኪሎ ሜትር መንገድም በዚሁ ስሌት ሲያጥር 480 ሜትር ያህል ይረዝማል። ገና ነፋስ መውጫና ጨጨሆ ሳንደርስ ሞዴሉን የምንሠራበት አዳራሽ አለቀብን።

የሞዴል ባቡር ክለቦች በየሳምንቱ የሚታገሉት ከዚህ ዓይነት ስሌት ጋር ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ሐኪሙም፣ በያጁም፣ መምህሩም፣ ጡረተኛውም ገንዘብ አዋጥተው አንድ ምድር ቤት ወይም አሮጌ መጋዘን ይከራያሉ፤ ማታ ማታ ተሰብስበው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ የባቡር መሥመር ይሠራሉ። ሥራው ከልጆች መጫወቻ የሚለየው እውነተኛ ቦታንና እውነተኛ ዘመንን ስለሚከተል ነው። የአንድ አውራጃ ሐዲድ በአንድ በተወሰነ ዓመት ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛው ጣቢያ ምን እንደሚጭን፣ የትኛው ባቡር ለየትኛው ቆሞ እንደሚያሳልፍ ይጠናል። በአገራችን ይህ ልማድ አልተለመደም። ጥያቄዎቹ ግን ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደሉም። ከባድ ጎማ በዚያ ዳገት ላይ እንዴት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ከ150 ዓመት በፊት በገመድና በጉልበት ተመልሷል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ አንድ ክለብ ምሥራቁን ደቡብ ጎንደር ሊሠራ ተነሣ ብለን እናስብና ሥራውን ከመሬት እንጀምር።

በመጀመሪያ 87 ቁጥሩ ከየት መጣ? የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ በቁጥር የተለየ ስፋት ያላቸውን የአሻንጉሊት ሐዲዶች አቀረበ። ከዚያ በፊት ልጁ አንድ ባቡር ከነሐዲዱ ይገዛለታል፤ ያ ሲሰለቸው ጨዋታው አበቃ። ከዚያ በኋላ ግን ዘንድሮ የተገዛው ሐዲድ ከርሞ ከሚገዛው ጋር ይገጥም ጀመር። መጠኖቹ እየቆዩ ሲያንሱ ኦ ከሚባለው ልክ በግማሽ የሚቀንስ ኤችኦ የተባለ ልክ ወጣ፤ አንድ ጫማ ርዝመት በ3.5 ሚሊ ሜትር ይወከላል፤ ይህም 1 ለ87 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ የተለመደው ይኸው ነው። የእውነተኛው መደበኛ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኤችኦ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቦታ የጠበበው ሰው 1 ለ160 የሆነውንና ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋውን ኤን ይመርጣል።

አሜሪካውያኑ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1935 ሚልዋኪ ከተማ ላይ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋሙት አንዱ አምራች የሠራው ጎማ በሌላው ሐዲድ ላይ አልሄድ ስላለ ነው። ጉዳዩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ እውነተኛ ባቡሮችም በዚህ ይቸገራሉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንግሊዞች ከዙላ የባሕር ዳርቻ ወደ ኩማይሌ የሚወስድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ ከህንድ የመጣው ሐዲድ ዓይነቱ የተለያየ በመሆኑ ሥራው ተጓተተ። በዙላ ዳርቻ የመጀመሪያዋ ባቡር ያፏጨችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቅሎ ሄደ። በዚያው ወራት፣ በሌላኛው አቅጣጫ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋይንትን እያቋረጡ ነበር። ወደዚያ እንመለሳለን።

26 ሜትር ተራራ አዳራሽ ውስጥ አይገባም ብለናል። ክለቦቹ ለዚህ ያላቸው መድኃኒት መምረጥ ነው። መሥመሩን በሙሉ ከመቀነስ ይልቅ ማንነቱን የሚናገሩትን ቦታዎች ይለቅማሉ፤ በመካከል ያለውን ሜዳ በአንድ ጉብታ ወይም በአንድ ዋሻ ይዘሉታል። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የነበረው ጆን አለን የተባለ ሰው ተራራውን ከወለል እስከ ጣሪያ ድረስ አውጥቶ ሠርቶ በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞቶ ብዙ ቀናት ሳይቆጠሩ ቤቱ በእሳት ወደመ፤ ሥራው አሁን በአብዛኛው በፎቶግራፍ ይታያል። የኛ ክለብ እንደ እርሱ ቢመኝም ገንዘቡ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ጉና ከግድግዳው ላይ በቀለም ይሳላል። ከግድግዳው አጠገብ ያሉት ጎጆዎች በ1 ለ160፣ ከፊት ያሉት በ1 ለ87 ይሠራሉ፤ ዐይን ይታለልና የአንድ ክንድ ስፋት የአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ይመስላል።

ከፊት የሚቀመጡት እነማን ይሁኑ? እኔ ብጠየቅ አራት ቦታ ይበቃል እላለሁ። ከፎገራ ሩዝ ማሳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት፤ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት የጉና ትከሻ፤ ነፋስ መውጫ ከነገበያዋ፤ እና ጨጨሆ። አራተኛው የግድ ነው። በጨጨሆ አገሩ ቀጥኖ ቀጥኖ አንድ ጠባብ ሸንተረር ብቻ ይቀራል፤ በሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጨጨሆ መድኃኔ ዓለምን የሚሳለመው ምእመንም፣ ከወልድያ የሚመጣው የጭነት መኪናም በዚያችው አንገት ላይ ያልፋሉ። ለሞዴል ሠሪ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሳይ ነው፤ ሐዲዱን በሌላ ቦታ ማሳለፍ ስለማይችል ተመልካቹ "ለምን በዚህ በኩል?" ብሎ አይጠይቅም። መጥፎ ሞዴል ባቡር ላይ ቶሎ የሚታወቀው ጉድለት ባቡሩ ያለ ምክንያት ሲዞር፣ ያለ ተራራም ዋሻ ሲገባ ነው።

የመሬቱን ቅርጽ ለመሥራት የፈረንጅ ክለቦች ሽቦ ወንፊት ላይ ጄሶ ያፈሳሉ። ጭድ የተቦካበት ጭቃ በቀጭን እንጨት ላይ መምረግን ለሚያውቅ የጋይንት ሰው ማስተማሪያ አያስፈልገውም፤ ክብደቱን ጠረጴዛው ከቻለው የኛው ይሻላል። የአራት ሜትር ጅብራ በ1 ለ87 አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ዳገቱ። የባቡር መሐንዲስ ዳገትን የሚለካው በመቶኛ ነው፤ መቶ ሜትር ሲሄዱ ሁለት ሜትር ከፍ ካሉ ዳገቱ ሁለት በመቶ ነው። ለመኪና ይህ ሜዳ ነው፤ የጭነት መኪና አሥር በመቶውን እያጓራ ይወጣዋል። ለባቡር ግን ሁለት በመቶ ከባድ ዳገት ነው። ምክንያቱ የባቡር ትልቁ በረከት ራሱ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ቶን ጭነት በሜዳ ላይ ሁለት ኪሎ ግራም በሚያህል ጉልበት ይሳባል። ሁለት በመቶ ዳገት ሲመጣ ግን በዚያው ቶን ላይ ሌላ ሃያ ኪሎ ግራም ይጨመርበታል። በሜዳ አንድ ባቡር የሚጎትተውን ፉርጎ ይዞ ዳገቱን ለመውጣት የአሥራ አንድ ባቡር ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለስላሳው ብረት ጎማው እንዲንሸራተት ያደርጋል።

ወረታና ደብረ ታቦርን በዚህ እንመዝናቸው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከወረታ የምትበልጠው በ870 ሜትር ያህል ነው። በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 870 ሜትር መውጣት በአማካይ ሁለት በመቶ ከትንሽ በላይ ነው። በወረቀት ላይ "ይቻላል" ያሰኛል። ነገር ግን አማካይ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ መንገዱ በአንዱ ቦታ ሜዳ፣ በሌላው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ባቡሩ የትም ቦታ ከሁለት በመቶ እንዳያልፍ ከተፈለገ መሥመሩ ከመኪናው መንገድ ርቆ፣ ተራራውን እየታከከ፣ ረዝሞ መሄድ አለበት። ከደብረ ታቦር በኋላም በጉና ትከሻ ዞሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነችው ነፋስ መውጫ ይወጣል።

ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤት አለን። ከምጽዋ አሥመራ የሚወጣው ሐዲድ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጣልያኖች አሥመራ ያደረሱት እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ ያን ሁሉ ከፍታ የቻሉት ሐዲዱን አጥብበው 950 ሚሊ ሜትር ስላደረጉት ነው። ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ ከገደሉ ጋር አብሮ ይታጠፋል። በስዊዘርላንድ የበርኒና መሥመር አንድ ሜትር በሚሰፋ ሐዲድ እስከ ሰባት በመቶ ዳገት ይወጣል፤ በብሩዚዮም ቦታ ሲጠበው በድንጋይ ድልድይ ላይ ክብ ሠርቶ ራሱን በራሱ ሥር ያልፋል። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድም ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የኛ ክለብ ምርጫ እንግዲህ ይህ መሆን አለበት፦ ጋይንት በአንድ ሜትር ሐዲድ፣ በጠረጴዛው ላይ 12 ሚሊ ሜትር። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘመናዊም ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን ፍጥነት ሰፊ ኩርባ ይጠይቃል። 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በ1 ለ87 ከ9 ሜትር ይበልጣል። የበርኒናው 45 ሜትር ግን 52 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

በጠረጴዛ ላይ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ባቡር ከተመልካች የተሰወረ መሰላል አለው። ከተራራው ሆድ ውስጥ ሐዲዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዞራል። ራዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ዙር 377 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የላይኛው ዙር ከታችኛው በላይ ባቡሩ የሚያልፍበት ክፍተትና የጠረጴዛው ውፍረት ተደምሮ አሥር ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። አሥርን ለ377 ስናካፍል 2.65 በመቶ ዳገት ይወጣል። አየሩ ጨዋ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ሞተሩ አዲስ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አሥራ ሁለት ፉርጎ የሚጎትት ሞዴል እዚያ ጠመዝማዛ ውስጥ ገብቶ ጎማው ባዶውን ሲሽከረከር ይገኛል። አባላቱ ያን ጊዜ ሁለተኛ ባቡር ከኋላ አስገብተው ያስገፋሉ፤ ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሐዲድም ሞተርም አልነበራቸውም። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የሰፈሩት ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ቫልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ይገኙበታል፣ በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሲያቀልጡ ቆይተው ትልቁን ሴቫስቶፖልን ሠሩ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር፣ በዘቢጥ አድርጎ ወደ ጂዳ ገደል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደላንታ ይወጣል፤ እንደገና ወደ በሽሎ ይወርዳል። ሠረገላ የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ እየቆፈረ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ ሄደ፤ ንጉሡም ከሰው ጋር በእጃቸው ሠሩ። ሴቫስቶፖልን ለመጎተት 500 ሰው ያስፈልግ ነበር። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ውስጥ ነው፤ ጉዞው አምስት ወር አልፎታል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርካም ከጂዳ ገደል ላይ የተጠረገውን መንገድ አይቶ የማይበገር ቆራጥነት ሐውልት አድርጎ ጽፎለታል። ጠላት የመሰከረው ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ተናግረው ያልፋሉ፤ ሞዴል ሠሪ ግን "ለምን 500?" ይላል። ግምታዊ ስሌት እንሥራ። በተቆፈረ አፈር ላይ የሚሄድ ሠረገላ ተቃውሞው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው እንበል፤ 700 ኪሎ ግራም። ዳገቱ ሃያ በመቶ ከሆነ 1,400 ይጨመርበታል። ጠቅላላው 2,100 ኪሎ ግራም ነው፤ የሠረገላው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ለ500 ሰው ሲካፈል ለአንዱ አራት ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ይህማ ለልጅም ቀላል ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ለምን ያን ያህል ደከመ?

ስሌቱ የረሳው ኩርባውን ነው። የተወጠረ ገመድ አይታጠፍም። 500 ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተሰልፎ ሲስብ፣ ከኩርባው ማዶ ያሉት የሚስቡት ሠረገላውን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኩርባው ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ገደሉ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ መሳብ የሚችሉት በቀጥታው መስመር ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ቀጥታው 30 ሜትር ቢሆንና ሰዎቹ በአራት ረድፍ በየሜትሩ ቢቆሙ 120 ሰው ነው። 2,100 ለ120 ሲካፈል 17 ኪሎ ግራም ተኩል ይሆናል፤ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ሊስብ የሚችለው የመጨረሻው ልክ እዚያው ገደማ ነው። የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ያስገባሉ። ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ መከራ ነው፤ ፍሬን የሌለው 7 ቶን ብረት ከኋላ በገመድ ተይዞ ሊወርድ ይገባል።

በሞዴል ባቡር ክለብ ውስጥ ይህ ነገር በየሳምንቱ በትንሹ ይከሰታል። ረጅም ባቡር በጠባብ ኩርባ ላይ ዳገት ሲወጣ፣ ከፊት ያለው ሞተር ይስባል፣ ከኋላ ያለው ክብደት ይይዛል፤ በመካከል ያለው ቀላል ፉርጎ እንደተወጠረ ክር ወደ ውስጥ ተስቦ ከሐዲዱ ይወድቃል። የአሜሪካው ማኅበር ለዚህ ያወጣው ልክ አለ፦ በኤችኦ እያንዳንዱ ፉርጎ 28 ግራም መነሻ ክብደት፣ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ርዝመት ደግሞ 14 ግራም ተጨማሪ ይኑረው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፉርጎ እንግዲህ ከ110 ግራም በላይ ሊመዝን ይገባል፤ ከጎደለ ወለሉ ላይ ብረት ይለጠፍበታል። ቀላሉን ፉርጎ ከፊት፣ ከባዱን ከኋላ ያደረገ ሰው ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ሲያዝን ይታያል። ስለ ክብደት ከተነሣ፣ ሴቫስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ እንግሊዞች ብዙ ነገር ዘርፈው ሲሄዱ እርሱን ትተውታል። 44 ዝሆን ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ጠረጴዛው ሁለት ፊት አለው። በላዩ ጉናና ነፋስ መውጫ አሉ፤ በሥሩ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በሐዲዱ ራሱ ነው፤ አንደኛው ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ኔጋቲቭ፣ 12 ቮልት ገደማ። ባቡሩ በጎማው ይቀበለዋል። ችግሩ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ካለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። መሥመሩም ዞሮ ወደ ራሱ ከተመለሰ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገናኝና ኤሌክትሪኩ ይቃጠላል። ለብዙ ዘመን መፍትሔው ሐዲዱን በክፍል በክፍል ቆርጦ ለእያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በጀርመን የተጀመረው ዲጂታል ዘዴ መጣ፤ እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ቁጥር አለው፤ ትእዛዙ በሐዲዱ ላይ ለሁሉም ይላካል፤ ቁጥሩ የተጠራው ብቻ ይሰማል።

ከጠረጴዛ ሥር ያለው ዓለም ከላዩ ይልቅ ዓለምን ቀይሯል ብል አላጋነንኩም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ክለብ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጥድፊያ በተሠራው ሕንፃ 20 ውስጥ ይኖር ነበር። አባላቱ በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተራራውንና ቤቱን ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ከሥር ገብተው ከስልክ ኩባንያ በተገኘ ማብሪያ ማጥፊያ አንዱ ባቡር ሌላውን እንዳይገጭ ያቀናብራሉ። እነዚያ የታችኞቹ ተቋሙ ፒዲፒ–1 የሚባለውን ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያገኝ ቀድመው ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ ማሽን ላይ የተሠራው ስፔስዎር ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ ለመጫወቻ የሚሆነው የእጅ መቆጣጠሪያ የተበጀው ከባቡር ክለቡ ዕቃ ነው። ስቲቨን ሌቪ ስለ ኮምፒውተር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው መጽሐፍም ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ክለብ ነው። ስለዚህ ነፋስ መውጫ ላይ አንድ መምህር ሁለት ሞተርና ጥቂት ሽቦ ይዞ ተማሪዎቹን ቢሰበስብ "ጨዋታ ነው" ብለን አንናቀው።

መሥመሩ ተሠርቶ ሲያልቅ እውነተኛው ሥራ ይጀመራል። ክለቦች ባቡሩን ዝም ብለው አያሽከረክሩትም፤ ሰዓት ያፋጥናሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት እጥፍ ይሮጣል፤ ማታ በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። አንዱ የወረታ ጣቢያ ሹም ነው፣ ሌላው የነፋስ መውጫ፣ አንዱ በተለየ ክፍል ተቀምጦ ለሁሉም ትእዛዝ ይሰጣል። የኛ መሥመር ነጠላ ሐዲድ ነው፤ ሁለት ባቡር የሚተላለፈው በጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ጣቢያዎቹ በ30 ኪሎ ሜትር ቢራራቁና ባቡሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መሄድ ግማሽ ሰዓት፣ መመለስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ያ መሥመር በሰዓት ከአንድ ጥንድ ባቡር በላይ አያሳልፍም። ጨጨሆ ላይ ባቡሩ በዳገቱ ምክንያት በግማሽ ፍጥነት ከሄደ የመሥመሩ ሁሉ አቅም በግማሽ ይወርዳል። ሌላውን ሁሉ አፋጥነህ አንገቷን ብትረሳ ምንም አልተጠቀምክም።

ይህ ሁሉ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሠርተዋል፤ ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው የአገር አቀፍ መረብ ዕቅድ ላይም ከባሕር ዳር በወረታ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በሰመራ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚዘልቅ መሥመር ተጽፎ ይገኛል። ወልድያ አጠገብ ያለችው ሐራ ገበያም ከአዋሽ የሚመጣው፣ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው መሥመር መድረሻ ነች። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሳለ ክለቡ ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ ግን ከመሐንዲሱ ይለያል፦ ምን ይጫናል?

ጥሩ ክለብ ለእያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ አለው፤ ካርዱ ከየት ምን ጭኖ የት እንደሚያራግፍ ይናገራል። ለላይ ጋይንትና ለጉና አካባቢ ካርዱን መሙላት ቀላል ነው፤ ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በግ። ለታች ጋይንት አርብ ገበያ ጤፍና ማሽላ ይጻፋል። እስቴ ከመካነ ኢየሱስ፣ ስማዳም ከወገዳ ዕቃውን ወደ መሥመሩ ማምጣት አለበት፤ እዚህ ላይ ክለቡ ይጣላል። ሁለቱም ከሸንተረሩ በስተ ደቡብ ናቸው፤ ስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ገደል ይወርዳል። ቅርንጫፍ ሐዲድ ልዘርጋ የሚል ሰው እንደገና ዳገቱን መቁጠር ይጀምራል፤ ዋጋውን ያየ ደግሞ መኪና ማራገፊያ ሜዳ ያለው አንድ ትልቅ ጣቢያ ይበቃል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ የጠረጴዛው ጠርዝ እዚያ ጋ ስለሚያልቅም ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገባው ይመጣል፦ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ከወደብ የሚመጣ የእርዳታ ስንዴ። በከባድ ጭነት ዳገቱን የሚወጣው ይህ ነው። ድንቹ የሚወጣው በወቅቱ ብቻ ነው፤ ማዳበሪያ ያመጣው ፉርጎም ሳይታጠብ ድንች አይጫንበትም፤ የነዳጁ ታንከርማ ሲመለስ ምንም አይጭንም። ስለዚህ ማታ በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ ቀን የሠሩት አባላት ካርዶቻቸውን ሲቆጥሩ፣ ነፋስ መውጫ ጣቢያ ላይ የተከማቸው ባዶ ፉርጎ ከሁለቱ የማለፊያ ሐዲዶች አንዱን ዘግቶ ያገኙታል፤ የወልድያው ባቡርም የሚያልፍበት አጥቶ ጨጨሆ ላይ ቆሟል። የጣቢያው ሹም የተባለው ሰው ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፦ ባዶውን በኪሳራ ወደ ሐራ ገበያ መላክ፣ ወይም ሦስተኛ ሐዲድ እንዲዘረጋለት ለሚቀጥለው ሳምንት ማመልከቻ መጻፍ።